የድሮ ፒክአፕ በፊት መስታወት በኩል ውሃ ሲያስገባ፦ ብር ከመላካችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ክረምት ሲገባ ከአገር ቤት የሚመጣ አንድ የታወቀ ስልክ አለ፦ «መኪናዋ ውሃ እያስገባች ነው፣ መስታወቱ ይቀየር ተብሏል፣ ብር ላኪ።» ስንት ዓመት በሰው ቤት ተሠርቶ በተጠራቀመ ገንዘብ የተገዛች አሮጌ ፒክአፕ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ናት። እናንተ እዚህ ሆናችሁ መኪናዋን አታዩም፤ የምትሰሙት መካኒኩ ያለውን ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን መስታወቱ ራሱ ምንም አልሆነም። ችግሩ ዙሪያውን ያለው ጎማ፣ ከጎማው ሥር የተነሳ ዝገት ወይም የተደፈነ የውሃ መውረጃ ነው። የሦስቱ ወጪ ደግሞ በጣም ይለያያል። ስለዚህ እህቶች፣ ይህን አንብቡና ለወንድም ወይም ለባል በስልክ አስረዱ።

ለምን ችላ አይባልም?

በመስታወቱ ጠርዝ የገባ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ዳሽቦርዱ ጀርባ ይወርዳል። እዚያ ደግሞ የኤሌትሪክ ገመዶች፣ በብዙ መኪኖችም የፊውዝ ሳጥኑ አለ። ዛሬ መብራት ይጠፋል፣ ነገ የዝናብ መጥረጊያው ይቆማል፣ ኤሌትሪሺያኑ ምክንያቱን ሲፈልግ ይውላል። ውሃው ወለሉ ላይ ሲደርስ ምንጣፉ ሥር ይተኛል፤ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ላሜራው ከሥር እየዛገ ነው። እርጥበቱ ጋቢናውን ያሸታል፣ መስታወቱንም ከውስጥ ጉም ያለብሰዋል። በዝናብ መንገድ ላይ ሹፌሩ ፊቱን ማየት ካልቻለ ጉዳዩ የብር ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ መስታወቱ እንዴት እንደተያዘ ይታይ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ፒክአፖች የፊት መስታወታቸው (ጋራዥ ውስጥ ፓራብሬዛ የሚሉት) የሚያዘው በወፍራም ጎማ ነው። ጎማው ሁለት ቦይ አለው፤ አንዱ መስታወቱን፣ ሌላው የላሜራውን ጠርዝ ይነክሳል። ጎማው በፀሐይና በዕድሜ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በተለይ ማዕዘኖቹ ላይ ይሰነጠቃል። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ግን መስታወቱ በጠንካራ ማጣበቂያ ከላሜራው ጋር የተጣበቀ ነው። የሁለቱ ጥገና ስለሚለያይ የማዕዘኑን ፎቶ ከቅርብ አስነስታችሁ እዩ።

ውሃው ከየት ነው የሚገባው?

የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚገባበት ቦታ አንድ አይደለም። ውሃ በላሜራው ውስጥ ተጉዞ ሌላ ቦታ ይወጣል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት መፈተሽ ይቀድማል። ይህን ደግሞ ቤተሰብ ራሱ ማድረግ ይችላል።

1. ምንጣፉ ይነሳ፣ ጋቢናው ይድረቅ፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ይነጠፍ። ጠብታው የወደቀበት ወዲያው ይታያል።

2. አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ዳሽቦርዱን ከሥር ይመልከት። ሌላው በጎማ ቱቦ ውሃ ቀስ አድርጎ ያፍስስ። የመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ግፊት አይሁን፤ ደህናውንም ቦታ ያስገባዋል፣ ያታልላል።

3. ከታች ይጀመር፦ መጀመሪያ ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር፣ ቀጥሎ የመስታወቱ የታች ጠርዝ፣ ጎንና ጎኑ፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። በየቦታው ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉም ጋ ስለሚወርድ ምንም አይለይም።

4. የገባበት ቦታ በኖራ ወይም በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፣ ቪዲዮም ይቀረጽ።

ሌላም ዘዴ አለ። በሮቹን ዘግቶ የአየር ማራገቢያውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ በመስታወቱ ዙሪያ ከውጭ የሳሙና ውሃ መቀባት ነው። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ክፍት ነው።

መስታወቱ ጥፋተኛ ያልሆነበት ጊዜ

ዝናብ ሳይኖር፣ ኤሲ ሲበራ ብቻ ወለሉ ከራሰ የተደፈነው የኤሲው ውሃ መውረጃ ቱቦ ነው። ውሃው የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ፣ የሞተሩም የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ የሚያፈሰው የማሞቂያው ራዲያተር ነው። ይህ ፈሳሽ መርዝ ስለሆነ ልጆች አይንኩት።

ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ያለው ቦይ ደግሞ ቅጠልና አፈር ይሞላል። ዛፍ ሥር የምታድር መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው። መውረጃው ሲደፈን ውሃው ይሞላና በአየር ማስገቢያው በኩል ጋቢና ይገባል። ሽፋኑን ፈትቶ ማጽዳት ነው እንጂ መስታወት መቀየር አያስፈልግም።

ጥገናው

ጎማው ገና ለስላሳ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ካፈሰ፦ ቦታው ይጸዳል፣ በደንብ ይደርቃል፣ የጎማው ከንፈር ቀስ ተብሎ ይነሳና ለመኪና መስታወት የተሠራ፣ የማይደርቅ ማሸጊያ ይገባበታል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አይሁን። የሚያወጣው አሲድ ላሜራውን ያዝገዋል። በዚያ ላይ ሲሊኮን የነካውን ቦታ ካላጸዱት ሌላ ማጣበቂያም ሆነ ቀለም አይዝም።

ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ፦ አዲስ ጎማ ነው የሚያስፈልገው። መስታወቱ ደህና ከሆነ እሱው ይመለሳል። አዲሱ ጎማ በመስታወቱ ዙሪያ ይገባል፣ በውጭኛው ቦዩ ውስጥ ቀጭን ገመድ ይዞርበታል፣ ጎማው በሳሙና ውሃ ይለሰልሳል። ከዚያ አንዱ ከውጭ በመዳፉ ሲጫን ሌላው ከውስጥ ገመዱን ሲስብ፣ ጎማው ላሜራውን ነክሶ ይቀመጣል። ሁለት ሰውና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዱ ማዕዘን በጉልበት ከተገፋ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

መስታወቱ በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ፦ ከላይ መቀባት ጊዜያዊ ነው። ተቆርጦ ወጥቶ፣ ጸድቶ እንደገና መጣበቅ አለበት። ማጣበቂያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋ አትነዳ። እንዲህ ዓይነት መስታወት የመኪናው አካል ጥንካሬ ክፍል ነው፣ በአደጋ ጊዜ ከቦታው መውጣት የለበትም።

ዝገት ካለ፦ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። መስታወቱ ወጥቶ ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረቱ ይፋቃል፣ የተበላው ቦታ በባትላሜራ ሠራተኛ ይጠገናል፣ ፀረ ዝገትና ቀለም ይቀባል፣ ከደረቀ በኋላ መስታወቱ ይመለሳል። ዝገቱን በስቱኮ ሸፍኖ አዲስ ጎማ ማልበስ ብር መጣል ነው። ያበጠ ዝገት አዲሱንም መስታወት ገፍቶ ይሰነጥቀዋል።

ብር ከመላካችሁ በፊት

• የፍተሻውን ቪዲዮና ምልክት የተደረገበትን ቦታ ፎቶ ጠይቁ።
• «መስታወቱ ለምን ይቀየራል? ስንጥቁን አሳዩኝ» በሉ።
• የዕቃና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይነገራችሁ፣ ከሁለት ጋራዥ ይጠየቅ።
• መስታወቱ ሲወጣ፣ ጎማው ከመግባቱ በፊት፣ ላሜራው በቪዲዮ ይታይ። ዝገቱ የሚደበቀው እዚያ ነው።
• ሙሉውን አትላኩ። ቀሪው የሚከፈለው መኪናዋ እንደገና ውሃ ተፈስሶባት ደረቅ መሆኗ ሲታይ ነው።
• ጎማውን ካላችሁበት አገር ገዝታችሁ በሰው የምትልኩ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ያዙ። ሞዴሉ በአንድ ዓመት ቢለያይ እንኳ ላይገጥም ይችላል።

ገና ልትገዙ ከሆነ

በበጋ የሚሸጥ መኪና ውሃ ማስገባቱ አይታወቅም። ወንድማችሁ ሲያይ ምንጣፉን ያንሳ፣ ዳሽቦርዱ ሥር የዝገት እንባ ይፈልግ፣ በመስታወቱ ዙሪያ አዲስ የተቀባ ሲሊኮን ካለ ለምን እንደሆነ ይጠይቅ። ከዚያ «ውሃ እናፍስስባት» ይበል። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። መኪናዋ በእጃችሁ ካለች ደግሞ ጥገናው ከሰኔ በፊት ይለቅ፤ ክረምት ከገባ በኋላ ላሜራውን ማድረቅ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።