ሊምፎማን በፍሎው ሳይቶሜትሪ ለመለየት የሚረዱ ፀረ እንግዳ አካላት አመራረጥ

በመርካቶና አካባቢው የሚኖርም ሆነ የሚሠራ ሰው በአንገቱ፣ በብብቱ ወይም በብሽሽቱ የማይጠፋ እብጠት ሲወጣበት በቅድሚያ የሚጠረጠረው የንፍፊት ቲቢ ነው። ቲቢ በሀገራችን በስፋት የሚታይ በመሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሆኖም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ የንፍፊት ካንሰር ወይም ሊምፎማም ምልክቶች ናቸው። ሁለቱን በምልክት ብቻ መለየት ስለማይቻል የናሙና ምርመራ ያስፈልጋል።

የምርመራው አሠራር

ፍሎው ሳይቶሜትሪ የኤችአይቪ ታካሚዎችን የሲዲ4 መጠን ለመለካት የሚያገለግል ዘዴ ነው። ብርሃን ሰጪ ቀለም የተያያዘባቸው ፀረ እንግዳ አካላት በሕዋሳት ላይ ከሚገኙ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃሉ፤ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ሲያልፉም መሣሪያው ብርሃኑን ይመዘግባል።

አመራረጥ

አንድ ፀረ እንግዳ አካል ብቻውን ሊምፎማን አያረጋግጥም። ለምሳሌ ሲዲ20 በጤናማ ቢ ሕዋሳትም ላይ ይገኛል። በመሆኑም እንደሚከተለው በቅንጅት ይመረጣሉ፦

• ሲዲ45፦ ነጭ የደም ሕዋሳትን ከሌሎች ለመለየት፤
• ሲዲ19 እና ሲዲ20፦ ለቢ ሕዋሳት፤ ሲዲ3፦ ለቲ ሕዋሳት፤
• ካፓ እና ላምዳ፦ ጤናማ ቢ ሕዋሳት ከፊሎቹ ካፓን፣ ከፊሎቹ ላምዳን ይይዛሉ። ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ አንዱን ብቻ ከያዙ ከአንድ ሕዋስ መባዛታቸውን ያመለክታል፤
• ሲዲ5፣ ሲዲ10 እና ሲዲ23፦ የቢ ሊምፎማውን ዓይነት ለመለየት። ሲዲ5 ኖሮ ሲዲ23 አለመኖሩ ማንትል ሴል ሊምፎማን፣ የሲዲ10 መኖር ደግሞ ፎሊኩላር ወይም ቡርኪት ሊምፎማን ያስጠረጥራል፤
• ሲዲ4፣ ሲዲ7 እና ሲዲ8፦ የቲ ሕዋስ ሊምፎማ ሲጠረጠር።

በአንድነት ለሚጨመሩት ብርሃናቸው በቀላሉ የሚለይ ቀለሞች ይመረጣሉ፤ በሕዋሱ ላይ በጥቂቱ ለሚገኝ ፕሮቲን ደማቁ ቀለም ይመደባል።

ጥንቃቄ

ምርመራው በሕይወት ያሉ ሕዋሳትን ስለሚሻ ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና አያገለግልም። ናሙናውን የሚያደርሰው የታካሚው ቤተሰብ ከሆነ በምን ፈሳሽና በስንት ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዳለበት አስቀድሞ ባለሙያውን ይጠይቅ።

በሆጅኪን ሊምፎማ የካንሰሩ ሕዋሳት ጥቂት በመሆናቸው ሊያመልጡ ይችላሉ። ስለሆነም የፍሎው ሳይቶሜትሪ ውጤት ነጻ ቢሆንም ሐኪሙ ከጠረጠረ የንፍፊቱ ሥጋ ተወስዶ በሲዲ15 እና በሲዲ30 ይመረመራል።

የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ እብጠቱ ካልቀነሰ መድኃኒቱን በራስዎ ሳያቋርጡ ወደ ሕክምና ተቋሙ ይመለሱ። ትክክለኛው ዓይነት መታወቁ ሕክምናውን ይወስናል፤ ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት፣ ለምሳሌ፣ የሚሠራው ሲዲ20 ባላቸው ሕዋሳት ላይ ነው።