ከክፍልፋይ እስከ ዴሪቬቲቭ፦ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ትምህርቶች ትስስርና የሚላላበት ቦታ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ1/ኤክስን ዴሪቬቲቭ ከትርጓሜው ተነስቶ እንዲያወጣ ተጠየቀ እንበል። ከ1/(ኤክስ + ኤች) ላይ 1/ኤክስን ይቀንሳል። የጋራ ታህት ፈልጎ ሲያቀናጅ በላዕሉ −ኤች፣ በታህቱ ኤክስ(ኤክስ + ኤች) ያገኛል። ይህን ለኤች ሲያካፍል ኤች ይሰረዛል። በስተመጨረሻ ኤች ወደ ዜሮ ሲጠጋ −1/ኤክስ² ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ሥራ በእርግጥ የ12ኛ ክፍል ትምህርት የሆነው የመጨረሻው መስመር ነው። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መቀነስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው፤ የመቀነስ ምልክት ከቅንፍ ፊት ሲቆም በውስጡ ያለውን ምን እንደሚያደርገው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ይጠናከራል፤ ፊደል ያዘለ ታህት ማስተካከል ደግሞ በ11ኛ ክፍል ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ተማሪው ከሦስቱ በአንዱ ቢሰናከል ግን ውድቀቱ የሚመዘገበው በካልኩለስ ስም ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ትምህርቶች እርስ በርስ የሚያያዙት በምዕራፍ ቅደም ተከተል አይደለም፤ ከክፍል ክፍል መልካቸውን እየቀየሩ በሚመላለሱ ጥቂት ሐሳቦች ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲላላ ጉዳቱ የሚታየው ከላላበት ቦታ ብዙ ዓመት ርቆ ነው። የእኛ የትምህርት ዘመን አጠቃቀምና የፈተና ሥርዓት ደግሞ ይህን ርቀት ይበልጥ ይሸፍነዋል ብዬ እከራከራለሁ።

በዚህ ረገድ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ሮበርት ሲግለርና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ጥናት ነው። የአሜሪካንና የብሪታኒያን ልጆች ለዓመታት የተከታተሉ መረጃዎችን ተጠቅመው፣ በአሥር ዓመት ዕድሜ አካባቢ ያለ የክፍልፋይና የማካፈል ዕውቀት ከበርካታ ዓመታት በኋላ የሚኖረውን የአልጀብራና የአጠቃላይ ሒሳብ ውጤት እንደሚተነብይ አሳዩ። የቤተሰብ ገቢና ትምህርት፣ የልጁ አጠቃላይ የአእምሮ ችሎታ፣ የማንበብ ብቃቱ ሁሉ ታስበው እንኳ ግንኙነቱ አልጠፋም። መደመርና መቀነስ ያን ያህል አልተነበዩም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ክፍልፋይ አንድን ነገር ከሌላው ጋር በንጥጥር ማየትን የሚጠይቅ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሒሳብ ደግሞ በአብዛኛው የንጥጥር ጉዳይ ነው።

ንጥጥርን ብቻ ይዘን መንገዱን እንከተል። በላይኛው አንደኛ ደረጃ «ንጥጥር፣ ወደርና መቶኛ» ተብሎ ይጀመራል፤ ተማሪው የሚያውቀው የስኳርና የውሃ ድብልቅ፣ የካርታ ስኬል ነው። በምስስል ጎነ ሦስቶች ላይ ሲደርስ ያው ንጥጥር የጎኖች ርዝመት ንጥጥር ይሆናል፤ ቅርጹ ቢያድግም ቢያንስም አይለወጥም። ሳይንና ኮሳይን ከዚህ ሌላ ምንም አይደሉም፤ የቀጤ ጎነ ሦስት ጎኖች ንጥጥር በማዕዘኑ ብቻ የሚወሰነው ምስስል ስለሆኑ ነው። ይህን ያላየ ተማሪ ሳይን 30 ዲግሪ 0.5 መሆኑን ከሠንጠረዥ ይሸመድዳል፣ ጎነ ሦስቱ ሲያድግ ለምን እንደማይቀየር ግን ሊነግርህ አይችልም። የመስመር ስሎፕም በመስመሩ ላይ የትኞቹም ሁለት ነጥቦች ቢመረጡ አንድ የሚሆነው በዚሁ በምስስልነት ምክንያት ነው። ዴሪቬቲቭ ደግሞ ሁለቱ ነጥቦች እየተቀራረቡ ሲሄዱ ያ ስሎፕ የሚጠጋው ዋጋ ነው። ስኳርና ውሃ ከመቀላቀል እስከ ዴሪቬቲቭ ያለው መንገድ፣ አንድ ሐሳብ አራት ጊዜ ልብስ ሲቀይር ማለት ነው።

ካሬ መሙላት ሌላው ነው፤ ብዙ መምህራን ግን እንደ ተራ ዘዴ ያልፉታል። በ9ኛ ክፍል የኳድራቲክ እኩልታ መፍቻ ሆኖ ይገባል፤ ከእርሱ የተገኘው ቀመር ከተሸመደደ በኋላ ተማሪው መንገዱን ይረሳዋል። የፓራቦላን አናት ፍለጋ ሲመጣ ግን ቀመሩ አይበቃም፤ ካሬ መሙላት ያስፈልጋል። በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት በ11ኛ ክፍል የክብ፣ የኤሊፕስና የሃይፐርቦላ እኩልታዎች ሲመጡ፣ ማዕከሉ የት እንዳለ የሚታወቀው በዚያው በተረሳው ዘዴ ነበር። የኤክስፖኔንትና የሎጋሪዝም ታሪክም ተመሳሳይ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ሁሉም ችግር ከታች የመጣ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። አና ስፋርድ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ የሒሳብ ሐሳቦች መጀመሪያ እንደ ሂደት፣ ቆይተው እንደ ራሱን የቻለ ነገር እንደሚታዩ፣ ሽግግሩም በባሕርዩ አስቸጋሪ እንደሆነ አሳይታለች። ፋንክሽንን ውሰዱ። ለ9ኛ ወይም ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ፋንክሽን የሚሠራ ነገር ነው፦ ቁጥር ታስገባለህ፣ ቁጥር ይወጣል። በ12ኛ ክፍል ፋንክሽኑ ራሱ ግብዓት ይሆናል፤ ዴሪቬቲቭ ፋንክሽን ተቀብሎ ሌላ ፋንክሽን ይሰጣል። ክፍልፋይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪም እዚህ ሊቸገር ይችላል፣ መቸገሩም ጤናማ ነው። የመምህሩ ጥበብ ይህን ጤናማ ችግር ከቆየው ቁስል መለየት ላይ ነው፤ ሁለቱም በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ባዶ መስመር ሆነው ይታያሉና።

የትምህርቶቹ ቅደም ተከተል ከሒሳቡ ባሕርይ ብቻ የመነጨ እንዳልሆነ የአሜሪካ ታሪክ ያስተምራል። በዚያ አገር ለረጅም ጊዜ የቆየው ሥርዓት አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ከዚያም ፕሪካልኩለስ ይላል፤ እያንዳንዱ ዓመት ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። ለመሆኑ ጂኦሜትሪ ለምን በሁለቱ አልጀብራዎች መካከል ገባ? አንዱ መልስ ከዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይገኛል፦ ሃርቫርድ አልጀብራን የመግቢያ መስፈርት ያደረገው በ1820፣ ጂኦሜትሪን ግን በ1844 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ትምህርት ቤቶችም ዘግይቶ የመጣውን ኋላ ላይ ቀጠሉት። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት የመሩት የአሥሩ ኮሚቴ አልጀብራና ጂኦሜትሪ ጎን ለጎን ቢሰጡ ይሻላል የሚል ምክር አስተናገደ። በ1902 እ.ኤ.አ. ሒሳበኛው ኢ. ኤች. ሙር በአሜሪካ ሒሳብ ማኅበር ፕሬዚዳንትነቱ ባደረገው ንግግር ትምህርቶቹን የሚለያዩት ግድግዳዎች እንዲፈርሱ ጠየቀ። ግድግዳዎቹ በአብዛኛው ዛሬም አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የጋራ ስታንዳርድም (ኮመን ኮር) ቢሆን ባህላዊውንና የተዋሐደውን መንገድ ሁለቱንም አማራጭ አድርጎ አስቀመጠ እንጂ አንዱን አልመረጠም።

በእኛ አገር ይህ ክርክር ገና ሳይጀመር የተዘጋ ይመስላል፤ ሒሳባችን ከመነሻው የተዋሐደ ነውና። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የተዘጋጀውና ለረጅም ጊዜ የቆየው የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ የቁጥር ሥርዓት፣ እኩልታ፣ ስብስብ፣ ፋንክሽን፣ ጂኦሜትሪና ልኬት፣ ስታቲስቲክስ፣ ቬክተር ሁሉንም በአንድ ዓመት ይዞ ነበር። ይህ ጄሮም ብሩነር በ1960 እ.ኤ.አ. ካቀረበው የጥምዝምዝ ሥርዓተ ትምህርት ሐሳብ ጋር ይሄዳል፦ አንድ ሐሳብ በየዓመቱ ከፍ ባለ ደረጃ ይመላለሳል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ የአሜሪካውን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ድርና ማግ አብረው የሚገቡበት ሸማ ነው፤ የተለያዩ ጨርቆች ስፌት አይደለም።

ግን ጥምዝምዙ የሚሠራው መመላለሱ እውነት ሲሆን ነው። በትምህርት ቤት ያለውን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ግንቦት ሲገባ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በጥድፊያ ይታለፋሉ፣ ወይም «ለራሳችሁ አንብቡ» ተብለው ይቀራሉ። እንግዲህ በዚያ ፖሊሲ ዘመን መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ምን ነበር? በ9ኛ ክፍል ስታቲስቲክስና ቬክተር፤ በ10ኛ ክፍል የፕሌን ጂኦሜትሪና ልኬት፤ በ11ኛ ክፍል ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ትሪጎኖሜትሪ፤ በ12ኛ ክፍል የሒሳብ ማረጋገጫ ዘዴዎች። የሚዘለለው ነገር በዕጣ የሚወጣ አይደለም ማለት ነው። ቅርጽ ነክ ትምህርቶችና ማረጋገጫ በአብዛኛው ጅራት ላይ ስለሚቀመጡ በአብዛኛው እነርሱ ይቆረጡ ነበር፤ አራት ዓመት ሲደመር ተማሪው ቀመር የሚያሰላ፣ ለምን የሚለውን ግን ያልሠራ ሆኖ ይወጣ ነበር። የቬክተሩ ነገር ደግሞ የሚያስቅ ነው፦ የዚያው ዘመን የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፉ ቬክተር ነበር። የፊዚክስ መምህሩ በመስከረም የሚፈልገውን የሒሳብ መምህሩ በሰኔ ይደርስበታል፣ ከደረሰበት።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንዳንዱን አስተካክሏል። ያልተስተካከሉ መግለጫዎችን (ኢንኢኳሊቲዎችን) መፍታት ከ10ኛ ወደ 9ኛ ክፍል ወርዷል፤ ይህ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም በቀድሞው አደረጃጀት ተማሪው የሎጋሪዝም ፋንክሽንን ወሰን ሲፈልግ የሚያስፈልገው ያልተስተካከለ መግለጫ ገና በሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ ነበር። ትሪጎኖሜትሪም በ9ኛ ክፍል የራሱን መግቢያ አግኝቷል። የዓመቱ ጅራት ችግር ግን በምዕራፍ ማዛወር ብቻ አይፈታም፤ ከሁሉ በላይ የሰዓት ጉዳይ ነው።

የማስተማሪያ ቋንቋ መለወጥም በዚሁ መጋጠሚያ ላይ ይወድቃል። ላዕልና ታህትን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የለመደ ልጅ፣ ሐሳቡ ራሱ ከባድ መሆን በሚጀምርበት ጊዜ፣ እንደየክልሉ ቢዘገይ በ9ኛ ክፍል፣ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ክፍልፋዩን የሚያውቅ ተማሪ የማያውቅ መስሎ የሚታይበት ሌላ ምክንያት ይኸው ነው።

የውጭው ዓለም ከእኛ ሥርዓት ጋር ሲገናኝ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ከአዲስ አበባ 10ኛ ክፍል ጨርሶ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ለሚገባ ልጅ፣ የትምህርት ማስረጃው «ሒሳብ» ብሎ አንድ ውጤት ብቻ ያሳያል። እዚያ ያለው አማካሪ ግን አልጀብራ 2 ወስዷል ወይስ አልወሰደም ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «ግማሹን» ነው፤ ፖሊኖሚያልንና ሎጋሪዝምን አይቷል፣ ጂኦሜትሪውን ደግሞ ምናልባት በቁራጭ። ስለዚህ ወይ የሚያውቀውን ይደግማል፣ ወይ ያላየውን ይዘላል። ወላጆች የመጽሐፉን የምዕራፍ ዝርዝር ይዘው ቢሄዱ ከውጤት ካርዱ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ከ8ኛ ክፍል በኋላ ያለው ብቸኛ አገር አቀፍ መለኪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ የ10ኛው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነበር። መቅረቱን ብዙዎች በደስታ ተቀብለዋል፣ እኔም የዚያን ፈተና ጭንቀት አልናፍቅም። ነገር ግን ከ8ኛ እስከ 12ኛ ባለው መንገድ ላይ ሰንሰለቱ የት እንደላላ የሚናገር ነገር አብሮ ጠፋ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ተነገረ፤ ቁጥሩ አገሩን አስደነገጠ እንጂ በየትኛው ዓመት ምን እንደተጓደለ አልገለጸም። ሊገልጽም አይችልም፤ ምርጫ ያለው ጥያቄ የሚመዘግበው የጠቆረውን ክብ ነው። የ1/ኤክስን ዴሪቬቲቭ በሕጉ የሸመደደ ተማሪ ክፍልፋይ መቀነስ ሳይችል −1/ኤክስ²ን መርጦ ማርኩን ይወስዳል። ይህ ተማሪ ፈተናውን አልፎ ይሄዳል፣ ክፍተቱም አብሮት።

ሮበርት ጋኜ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው የትምህርት ተዋረድ ሐሳብ እዚህ ጋ ቀላል መሣሪያ ይሰጣል፦ አንድን ሥራ ይዘህ «ይህን ለመሥራት ምን መቻል ያስፈልጋል?» እያልክ ወደ ኋላ ትወርዳለህ። የ12ኛ ክፍል መምህር የዴሪቬቲቭን ምዕራፍ ከመክፈቱ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ወስዶ አምስት ጥያቄዎች ቢሰጥ፣ ሁለቱ ክፍልፋይ የሚቀነስባቸው፣ አንዱ ቅንፍ የሚፈታበት፣ አንዱ ፊደል ያለበት ታህት የሚቃለልበትና አንዱ የመስመር ስሎፕ የሚፈለግበት፣ ከመቶ ገጽ ሪፖርት የበለጠ ያውቃል። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ የ6ኛ ክፍል ነገር በ12ኛ ክፍል ለማስተማር ሰዓትም ፈቃድም ያስፈልጋል። ብዙ ርዕሰ መምህራን «መጽሐፉ አላለቀም» የሚለውን እንጂ «ተማሪው አልያዘም» የሚለውን አይጠይቁም።

ያ ሥራ በሁለተኛ ደረጃ ካልተሠራ ሌላ ቦታ መሠራቱ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲዎች ለተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጡት የጋራ የሒሳብ ኮርስ በአራት ምዕራፎች የተከፈለ ነው፦ የአመክንዮና የስብስብ ትምህርት፣ የሪልና የኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፋንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ። አራቱንም ተማሪው በቀድሞዎቹ የ9ኛና የ11ኛ ክፍል መጻሕፍት ይዟቸው ነበር።