ከግራና ከቀኝ የሚጻፉ ፊደላት በአንድ መስመር ሲገናኙ



ጽሕፈት የቃል አደራ ነው። ተናጋሪው በሌለበት ቦታ፥ ከሞተም በኋላ፥ ቃሉ ሳይዛነፍ እንዲደርስ ሰው ፊደልን ፈጠረ። ይሁን እንጂ አንድ ፊደል ሳይፋቅ፥ አንድ ቁጥርም ሳይደለዝ፥ የተጻፈው ነገር ትርጕሙ ተገልብጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፈውና ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈው ፊደል በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ከታሪኩ ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

ይህን ነገር እንድመረምር ያነሣሣኝ በከፋ ዞን በቢታ ገነት ያጋጠመኝ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደዚያ ሄጄ ሳለ፥ በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ደጃፍ ሁለት ሽማግሌዎች ከባለ መጋዘኑ ልጅ ጋር ሲከራከሩ አገኘሁ። የልጁ አባት በሕይወት ሳሉ ደንበኞቻቸው በአደራ ያስገቡትን ቡና በዐረብ ፊደል በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ልጁም መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ሲያዛውር የወሩን ስም በአማርኛ፥ የሰዎቹን ስም አባቱ እንደ ጻፉት በዐረብ ፊደል፥ ልኩን ደግሞ በተለመደው አኀዝ አደረገው። የሽማግሌዎቹን ስም መግለጥ ስለማያስፈልግ አንደኛውን «ሀ»፥ ሁለተኛውን «ለ» እንበላቸው። ልጁ የጻፈው በቅደም ተከተሉ እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ «ኅዳር»፥ ቀጥሎ የሀ ስም፥ ቀጥሎ 12፥ ቀጥሎ የለ ስም፥ በመጨረሻ 20። ይህም በኅዳር ወር ሀ 12 ፈረሱላ፥ ለ ደግሞ 20 ፈረሱላ ቡና አስገብተዋል ማለት ነው።

በወረቀት ታትሞ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። ከግራ ጀምሮ ሲነበብ «ኅዳር 20» ይላል፤ ቀጥሎ የለ ስም፥ ቀጥሎ 12፥ በመጨረሻም የሀ ስም ያለ ቁጥር ብቻውን ቆሟል። አንባቢው ሁሉ 20ን የወሩ ቀን አድርጎ ቈጠረው። ስለዚህ ለ ከ20 ፈረሱላ ወደ 12 ወረዱ፤ ሀ ደግሞ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳላስገቡ ሆኑ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም በመሆኑ ከሁለቱ ሽማግሌዎች የጐደለው 20 ፈረሱላ 340 ኪሎ ቡና ነው። ከቡናው ይልቅ ግን ሽማግሌውን የከበዳቸው ውሸታም መባሉ ነበር። «ልጄ፥ አባትህ ቢኖሩ ኖሮ ይህን ቃል በዚህ ደጅ አልሰማም ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁም ወረቀቱን እያሳየ «አባባ፥ እኔ ምን ላድርግ፤ የተጻፈው ይኸው ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር። ታዲያ ስሕተቱ ከወዴት መጣ?

ይህን ለመረዳት ወደ ጥንቱ መመለስ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል ከደቡብ ዐረብ ፊደል ጋር አንድ ዘር እንደሆነ የታወቀ ነው። በየሐና በሌሎችም የሰሜን ቦታዎች በዚያ ፊደል የተቀረጹ የድንጋይ ጽሑፎች ተገኝተዋል፤ የደቡብ ዐረብ ፊደልም እንደ ዛሬው ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ከጥንታውያኑ ጽሑፎች መካከል አንዱ መስመር ከቀኝ፥ ተከታዩ ከግራ የሚነሣባቸውም አሉ። ግሪኮች ይህን አጻጻፍ የበሬ አዟዟር ብለው ሰየሙት፤ አራሽ ከትልሙ ጫፍ ሲደርስ በሬዎቹን አዙሮ እንደሚመለስ ሁሉ ጸሓፊውም ከመስመሩ ጫፍ ይመለሳልና ነው። መስመሩም በዞረ ጊዜ ፊደሎቹ ፊታቸውን ወደሚሄዱበት ያዞራሉ።

የግዕዝ ፊደል በኋላ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድን መረጠ። ይህን ከግሪክ ጽሕፈት ጋር በነበረው ግንኙነት የሚያመካኙ ሊቃውንት አሉ። የሆነው ሆኖ ሁለቱ አቅጣጫዎች በአገራችን ጎን ለጎን ኖረዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዒዛና በቤጃ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ሲያስቀርጽ አንዱን ታሪክ በሦስት መልክ አጻፈው፤ በግሪክ ቋንቋ፥ በግዕዝ ቋንቋ በግዕዝ ፊደል፥ እንደገናም በግዕዝ ቋንቋ በደቡብ ዐረብ ፊደል። ሦስተኛው ከቀኝ ይነበባል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ካሌብም በደቡብ ዐረብ ፊደል የተቀረጸ የግዕዝ ጽሑፍ ትቶልናል። እንግዲህ የሁለቱ አቅጣጫዎች መገናኘት በኮምፒዩተር ዘመን የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የአክሱም ጠራቢ አንድ ጥበብ ነበረው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ እንጂ በአንድ መስመር አልቀላቀላቸውም።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ከቀኝ የሚጻፈው ፊደል ከአገራችን አልጠፋም። የሐረር ሊቃውንት መጻሕፍታቸውን በዐረብ ፊደል ጻፉ፤ የወሎ ሼኾችም የአማርኛ መንዙማቸውን በዚሁ ፊደል አኖሩ። የከፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው ነጻነቱ ከማክተሙ በፊት የቦንጋ ገበያ ከሩቅ የሚመጡ እስላም ነጋዴዎች የሚደርሱበት ነበር። ስለዚህ በከፋ ምድር የቡና ሒሳብ በዐረብ ፊደል ተጽፎ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። በአዲስ አበባም አል ዐለም የተባለው የዐረብኛ ጋዜጣ ለአዲስ ዘመን እኅት ሆኖ ታትሟል፤ የእርሱ የፊት ገጽ የሚገኘው የእኛ ጋዜጣ የኋላ ገጽ በሚሆንበት ወገን ነው።

በጽሕፈት መኪና ዘመን ችግሩ ጐልቶ አልታየም። መኪናው ወረቀቱን ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚገፋ የአማርኛውና የዐረብኛው መኪና የተለያዩ ነበሩ። ኮምፒዩተር ግን ሁሉንም ፊደል በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰበሰበ። የዓለምን ፊደላት በአንድነት የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዐት የመጀመሪያ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ፤ የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ገባበት። ሥርዐቱ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው በአነባበቡ ተራ ነው፤ በመስታወቱ ላይ ሲያሳየው ግን እንደየፊደሉ ጠባይ ያሰልፈዋል።

ጠባዩም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ጽኑ ነው፤ የግዕዝና የላቲን ፊደል ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፥ የዐረብና የዕብራይስጥ ፊደል ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለተኛው ደካማ ነው፤ 1፥ 2፥ 3 የሚባሉት አኀዞች በውስጣቸው ከግራ ወደ ቀኝ ቢነበቡም፥ የሚቆሙበትን ወገን ከፊታቸው ያለው ጽኑ ፊደል ይወስንላቸዋል። ሦስተኛው ገለልተኛ ነው፤ ባዶ ቦታና ቅንፍ ጎረቤታቸውን ይከተላሉ፤ ቅንፍማ እንደ ጥንቱ ፊደል ፊቱን ያዞራል።

እንግዲህ የቢታ ገነቱ ነገር ተፈታ። «ኅዳር» ከሚለው የአማርኛ ቃል በኋላ የሀ ስም፥ 12፥ የለ ስምና 20 በመካከላቸው ጽኑ የግራ ፊደል ስላልገባ መሣሪያው አራቱን እንደ አንድ የዐረብኛ ሐረግ ቈጥሮ ከቀኝ ወደ ግራ አሰለፋቸው። የሀ ስም በቀኝ ጫፍ ቆመ፤ 20 ደግሞ ዞሮ ከኅዳር ጎን ተቀመጠ። መሣሪያው ሕጉን ፈጸመ እንጂ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የዐረብኛውን ሐረግ ከግራ ያነበበው ዓይን ነው።

ልጁ በመስታወቱ ላይ ያለውን ጠቋሚ በአንድ በአንድ ፊደል እንዲያስኬደው ለመንሁት። ጠቋሚው ከኅዳር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጫፍ ዘለለና በሀ ስም ላይ አረፈ፤ ከዚያም ወደ ግራ መመለስ ጀመረ። ልጁ ይህን ሲያይ ዝም አለ፤ የአባቱንም መዝገብ ከሣጥን አውጥቶ በሽማግሌዎቹ ፊት ገለጠው። ያም መዝገብ ሀ 12፥ ለ 20 ይል ነበር። ልጁም ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ፤ እርሳቸውም መረቁት።

ከዚህ በኋላ ስምና ልክ ለየብቻቸው በሠንጠረዥ ቤት ውስጥ ተጻፉ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን አቅጣጫ ስለሚይዝ አንዱ ሌላውን ሊስበው አይችልም። ጽሑፉ የግድ በአንድ መስመር መሄድ ያለበት እንደሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኒኮድ ውስጥ የተጨመሩ፥ ለዓይን የማይታዩ የመለያ ምልክቶች አሉ፤ የእንግዳው ቋንቋ ቃል በእነርሱ መካከል ሲታጠር ጎረቤቱን አያናውጥም።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምርላችሁ። በዩኒኮድ የግዕዝ አኀዝ እንደ ፊደሉ ጽኑ ነው። ልጁ በ12 ፈንታ ፲፪፥ በ20 ፈንታም ፳ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ ቁጥሮቹ በየስማቸው አጠገብ ጸንተው በቆሙና ክርክሩም ባልተነሣ ነበር።

ስለዚህ፥ አንባብያን ሆይ፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየሱቁ ሁለት ዓይነት ፊደል የምታቀላቅሉ ሁሉ፥ በተለይም ወጣቶች፥ የታተመውን ወረቀት ከማመናችሁ በፊት ከዋናው መዝገብ ጋር አስተያዩ። አሮጌውንም መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል ብላችሁ አትጣሉት። በቢታ ገነት የአንድ ሽማግሌ ክብር የተመለሰው በዚያ በአሮጌው መዝገብ ነውና።