ሰንጢን ዘግታ የምትይዝ ብይ

በኦክቶበር 2009 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የአሜሪካ ኮንግረስ ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ፣ ከቢሊዮን ዶላሮቹ መሃል ስለ ሰንጢ የምታወራ አንዲት አንቀጽ ሸጉጦ አሳለፈ። ሐሳቧ ይሄ ነው፦ ሰንጢው ስለቱን ወደ መዘጋት የሚስብ ሞላ ወይም ‹ዲቴንት› ካለው፣ ያንን አሸንፎ ለመክፈትም የእጅ ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ፣ የፌደራሉ ሕግ ከከለከላቸው ቢላዎች አይቆጠርም። ዲቴንት የተባለው ነገር በዛሬዎቹ ብዙ ሰንጢዎች ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ብይ ናት። እንዴት ሆና ሕግ ውስጥ ገባች?

ለረጅም ዘመን ሰንጢ ብይ አላስፈለገውም። የእንግሊዟ ሼፊልድ ለዓለም የሸጠቻቸው የኪስ ቢላዎች እጀታቸው ጀርባ ላይ ጠንካራ ሞላ ነበራቸው። ሞላው የስለቱን ሥር ተጭኖ፣ ሲዘጋም ሲከፈትም ባለበት ያቆየዋል። ችግሩ ለመክፈት ሁለት እጅ መጠየቁ ነው፤ አንዱ እጀታውን ይይዛል፣ የሌላው ጥፍር ስለቱ ላይ ባለችው ጭረት ገብቶ ይጎትታል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ የሚቆልፈው ነገር የለም። አጥብቀን ከገፋነው ጣታችን ላይ ሊታጠፍ ይችላል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ቢላዋ ሠሪ ማይክል ዎከር የጀርባውን ሞላ ጭራሽ አወጣው። በምትኩ እጀታው ውስጥ ካለው ስስ ብረት ላይ አንድ ምላስ ቆርጦ ወደ ውስጥ አጎበጠ። ምላሷ እንደ መኪና ባሌስትራ ትገፋለች፤ ስለቱ ተዘርግቶ ሲያበቃ ከሥሩ ኋላ ገብታ ትቆልፈዋለች። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ ተመሳሳይ መቆለፊያ በ1906 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አግኝቷል። ያኛው ግን የጀርባ ሞላውን አልተወም። ዎከር ሞላውን ሲያወጣ አዲስ ጥያቄ ወለደ፦ እሺ፣ ሲዘጋ ምን ይይዘዋል? ኪስ ውስጥ ተከፍቶ የሚጠብቅ ስለት ማንም አይፈልግም።

መልሱ ብይዋ ሆነች። ምላሷ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ ጠንካራ የብረት ብይ በግድ ትሰካለች፣ ጫፏ ወደ ስለቱ ወጣ ብላ። ስለቱም ላይ እሷን የሚቀበል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ሰንጢው ሲዘጋ ቀጭ ብላ ትገባለች። ብልሃቱ ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳዳው ልክ ብይዋ ፊት ለፊት አይደለም፤ ሆን ተብሎ በጣም በጥቂቱ ፈንጠር ይደረጋል። ስለዚህ ብይዋ ሙሉ በሙሉ አትገባም። የቀዳዳውን ጠርዝ ተደግፋ፣ ልግባ እያለች ስትታገል፣ ስለቱን ወደ እጀታው ትስበዋለች። ኮንግረሱ ‹ወደ መዘጋት የሚስብ› ያለው ይህንን ትግል ነው። የፀጉር ያህል ልዩነት ሰንጢውን ወይ ልል ወይ ግትር ያደርገዋል፤ ጥሩ ሠሪ ከመካከለኛው የሚለየውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ስንከፍተው ጉልበታችን መጀመሪያ ምላሷን ማጎበጥ አለበት። ብይዋ ከቀዳዳዋ ስትወጣ የተጠራቀመው ኃይል ባንዴ ይለቀቅና ስለቱ ተወርውሮ ይዘረጋል። ብይ የተጫወተ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ጣታችንን አግደን ስንለቀው ነው ብይዋ የምትፈናጠረው። ዘግታ የምትይዘው ነገር ራሷ ነች በፍጥነት የምታስከፍተው።

ይህች ብይ ታረጃለች። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለቱ ላይ እየተንሸራተተች ቀጭን ቅስት ትስላለች። የኪስ ብናኝና አሸዋ እዚያ መስመር ላይ ከተጠራቀመ እንደ ሞረድ ይፍቃታል። አልኮል በነካ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ መዞሪያው ላይ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል፤ ዘይት ሲበዛ አቧራ ይጠራል። ብረቷ እንዳይዝግ ብለው ሴራሚክ ብይ የሚሰኩም አሉ። የመዞሪያው ብሎን ከላላ ስለቱ ወደ ጎን መጫወት ይጀምርና መያዣው ይደክማል፤ ካቻቢቴ አምጥቶ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ነው። ምላሷን በጉልበት ማጉበጥ ግን አይመከርም፣ መቆለፊያውም አብሮ ይዛባላ! ‹አልከፈት አለኝ› የሚል ሰው ደግሞ መጀመሪያ ጣቶቹን ይይ። ብዙ ጊዜ ምላሷን ራሱ ተጭኖ ብይዋን ቀዳዳው ውስጥ እየቀረቀራት ነው።

ልል ሰንጢ ኒው ዮርክ ውስጥ ከመቆረጥ የባሰ ጣጣ ነበረው። በ1958 የአሜሪካ ፌደራል ሕግ በቁልፍ ወይም በራሳቸው ክብደትና ውርወራ የሚከፈቱ ቢላዎችን ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት መነገድ ከለከለ። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ግዛት በክብደታቸው የሚከፈቱትን መያዝ ራሱ ወንጀል ነው አለ። የታሰበው የጀርመን ፓራሹተኞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የያዙት፣ ሲዘቀዝቁት ስለቱ ተንሸራቶ የሚወጣው ዓይነት ነበር። ፖሊስ ግን ተራውን ሰንጢ ሁሉ በእጅ አንጓው እየወረወረ መፈተን ጀመረ። በብይም ይያዝ በጀርባ ሞላ፣ ተከፍቶ ከተቆለፈ ባለቤቱ ይታሰራል። መያዣው የደከመ ሰንጢ ያለው ሠራተኛ ከመደብር እንደ ዕቃ የገዛው ነገር በዓመታት ብዛት ወደ ወንጀል ሊለወጥበት ይችል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ፤ አብዛኞቹም ጥቁሮችና ላቲኖዎች።

የ2009ኙ አንቀጽም የመጣው ከተመሳሳይ ፍርሃት ነው። በዚያ ዓመት የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ በሞላ እገዛ የሚከፈቱ ሰንጢዎችን ከተከለከሉት ሊመድብ ሲያስብ፣ በአንድ እጅ የሚከፈተው ሁሉ ነገ ይከተላል ተብሎ ተፈራ። ኮንግረሱ መያዣዋን በስም ጠርቶ ገላገለ። የኒው ዮርክን ሕግ ግን ይህ አልነካውም። በ2013 በባቡር ጣቢያ የተያዘ አንድ ሼፍ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው፤ የያዘው ፖሊስ ሰንጢውን ወርውሮ ለመክፈት ደጋግሞ መሞከር ነበረበት። በማርች 2019 የፌደራሉ ዳኛ፣ ስንት ሙከራ ወንጀል እንደሚያደርገው ማንም አስቀድሞ ማወቅ ስለማይችል ሕጉ በእሱ ላይ ሊሠራ አይገባም ብለው ፈረዱ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ረቂቆችን ውድቅ ያደረጉት ገዥ አንድሩ ኩሞ የመሻሪያውን ሕግ ፈረሙ።