ከመቀላቀል ፈተና እስከ ቤተስዳ ልኬት፦ የደም መርጋት አጋጆችን በወልቂጤና በቡታጅራ የመመርመር ዕድል

አጽሕሮተ ጥናት

የደም መርጋት አጋጆች ወይም ኢንሂቢተሮች ለሄሞፊሊያ ሕሙማን የሚሰጠውን የፋክተር መድኃኒት ከንቱ የሚያደርጉ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። ይህ መጣጥፍ የአጋጅ ምርመራ በሁለት እርከን ሊከፈል እንደሚችልና እንደሚገባው ይከራከራል። መኖሩን የሚጠቁመው የመቀላቀል ፈተና በወልቂጤና በቡታጅራ፣ መጠኑን የሚለካው የቤተስዳ ምርመራ ደግሞ በአዲስ አበባ ቢሠራ የሥራ ክፍፍሉ ከራሱ ከናሙናው ባሕርይ ጋር ይስማማል። የመርጋት ፋክተር ቶሎ የሚበላሽ ፕሮቲን ሲሆን አጋጁ ግን መንገድን የሚችል ነው።

መግቢያ

በግርዛት ቁስሉ ለቀናት ሲደማ የሰነበተ ሕፃን፣ መዳህ ሲጀምር ጉልበቱ የሚያብጥ ልጅ፣ “የእናቱ ወንድምም እንዲሁ ነበር” የሚባልለት ወንድ ልጅ፦ ሦስቱም ሐኪሙን ወደ ሄሞፊሊያ እንዲያስብ ያስገድዳሉ። ሄሞፊሊያ ኤ የሚከሰተው በፋክተር 8፣ ሄሞፊሊያ ቢ ደግሞ በፋክተር 9 እጥረት ነው። ሁለቱም በኤክስ ክሮሞዞም ስለሚተላለፉ በአብዛኛው የሚታመሙት ወንዶች ናቸው።

በሽታው ብርቅ ቢሆንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ትንተና ከ100,000 ወንድ ልደቶች 24.6 ያህሉ ሄሞፊሊያ ኤ፣ 5 ያህሉ ደግሞ ሄሞፊሊያ ቢ እንዳለባቸው ገምቷል። ከሄሞፊሊያ ኤው 9.5 ያህሉ ከባድ ደረጃ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራን ጨምሮ በነበረው ወሰኑ፣ ከ620,000 የሚበልጡ ወንዶች ነበሩት። ምጣኔው በዚህ ቁጥር ላይ ሲሰላ ሁሉም በሕይወት ቢቆዩ 150 ገደማ የሄሞፊሊያ ኤ፣ 30 ገደማ የሄሞፊሊያ ቢ ሕሙማን ይጠበቃሉ፤ ከሄሞፊሊያ ኤዎቹ 60 ያህሉ ከባድ ናቸው። ይህ የስሌት ግምት እንጂ የምዝገባ ውጤት አይደለም። ሆኖም አንድ የዞን ሆስፒታል በየጊዜው ሊገጥመው የሚችል ሕመም መሆኑን ያሳያል።

አጋጁ እንዴት ይፈጠራል?

ከባድ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ሰውነት ፋክተር 8ን አያውቀውም። ስለዚህ በመርፌ ሲሰጠው እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል። ይህ በከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ሕክምና ከሚያገኙት 30 በመቶ በሚሆኑት፣ በሄሞፊሊያ ቢ ግን ከ5 በመቶ ባነሱት ላይ ይታያል። አብዛኛው አጋጅ የሚነሣው መድኃኒቱ በተሰጠባቸው የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ውስጥ ነው።

እነዚህ 20 ቀናት ተከታታይ አለመሆናቸው ለአገራችን ሁኔታ ትልቅ ትርጉም አለው። ፋክተር በሽበሽ በሆነበት አገር ልጁ ይህን ደፍ በወራት ውስጥ ይሻገራል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ መድኃኒት የሚያገኝ ልጅ ግን 20ኛውን ቀን ለመድረስ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ የሥጋቱ ዘመንም በዚያው ልክ ይረዝማል። ክትትሉ ደግሞ ልጁ በሚኖርበት አካባቢ ካልተሠራ ይቋረጣል።

አጋጅ ሄሞፊሊያ በሌለበት ሰውም ሊነሣ ይችላል። ድንገተኛው፣ በዘር የማይመጣው ሄሞፊሊያ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች በ1 ወይም በ1.5 ያህሉ ላይ የሚከሰት ሲሆን፣ ከሚያጠቃቸው መካከል አረጋውያንና በቅርቡ የወለዱ እናቶች ይገኙበታል። ከወሊድ በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ መድማት ሲገጥምና ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. የተባለው የመርጋት ጊዜ ምርመራ ሲረዝም ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ናሙናው፦ ውጤቱ የሚወሰንበት ቦታ

የመርጋት ምርመራ ስሕተት በአብዛኛው ከማሽኑ ሳይሆን ከናሙናው ይጀምራል። ደሙ 3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት ባለው ሰማያዊ ክዳን ቱቦ ይወሰዳል፤ መጠኑም ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው። ቱቦው ከ90 በመቶ በታች ከተሞላ የተረፈው ሲትሬት ካልሲየሙን ስለሚይዝ የመርጋት ጊዜው በሐሰት ይረዝማል። ሄማቶክሪቱ ከ55 በመቶ በላይ የሆነ ታካሚም የሲትሬት መጠኑ ሊስተካከልለት ይገባል። በደጋ መኖር ብቻውን ግን ለዚህ ሥጋት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሕዝቦች እንደማይለይ አሳይቷል። ወልቂጤና ቡታጅራ ከዚያ እጅግ ዝቅ ያሉ ናቸው።

ናሙናው ለ15 ደቂቃ በ1,500 ጂ ይሽከረከራል፤ ፕላዝማው ከመቀዝቀዙ በፊት ደግሞ ፕሌትሌት እንዳይቀርበት በድጋሚ ይሽከረከራል። ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. ደሙ በተወሰደ በ4 ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተቀዳ ደም እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ማለት ነው። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከወልቂጤ በአውቶቡስ አዲስ አበባ የሚላክ ያልተለየ ደም፣ የመናኸሪያና የተራ ጥበቃው ተደምሮበት፣ ጊዜውን መንገድ ላይ ይጨርሳል። የቡታጅራ መንገድ አጠር ቢልም ችግሩ ያው ነው።

የመቀላቀል ፈተና

በሁለቱ ከተሞች ሊሠራ የሚገባው ይህ ፈተና ሐሳቡ ቀላል ነው። የታካሚው ፕላዝማ ከጤነኛ ሰዎች ድብልቅ ፕላዝማ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል። የጎደለው ፋክተር ብቻ ከሆነ የጤነኛው ፕላዝማ ጉድለቱን ይሞላና የመርጋት ጊዜው ይስተካከላል። አጋጅ ካለ ግን የተጨመረውንም ፋክተር ስለሚያጠፋ ጊዜው እንደረዘመ ይቀራል። ፕላዝማን ከፕላዝማ ማቀላቀል ረጅም ታሪክ አለው። በቦነስ አይረስ ይሠራ የነበረው አልፍሬዶ ፓቭሎቭስኪ የአንድ ሄሞፊሊያ ሕመምተኛ ደም የሌላውን እንደሚያስተካክል እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተመው ምልከታ ሄሞፊሊያ ከአንድ ዓይነት በላይ መሆኑን ካመላከቱት ማስረጃዎች አንዱ ነበር።

የፋክተር 8 አጋጅ ጊዜና ሙቀት ይፈልጋል። በመሆኑም ወዲያው የተለካ ድብልቅ የተስተካከለ መስሎ ሊያሳስት ይችላል። ሦስት ቱቦዎች ለ2 ሰዓት በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣሉ፦ ድብልቁ፣ የታካሚው ፕላዝማ ብቻ፣ የጤነኛው ፕላዝማ ብቻ። ከዚያ ሁለቱ ለየብቻ የቆዩት ተቀላቅለው ከመጀመሪያው ድብልቅ ጋር ይነጻጸራሉ። አብሮ የቆየው ድብልቅ በግልጽ ከረዘመ ጊዜ የሚጠብቅ አጋጅ አለ።

ንጽጽሩን ወደ ቁጥር ለመቀየር የሮዝነር ኢንዴክስ ይረዳል፤ ከድብልቁ ጊዜ የጤነኛው ጊዜ ተቀንሶ፣ ለታካሚው ጊዜ ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ለምሳሌ የታካሚው 92፣ የጤነኛው 32፣ የድብልቁ ደግሞ 37 ሰከንድ ቢሆን ውጤቱ 5.4 ነው፤ ከ12 በታች ስለሆነ ተስተካክሏል ይባላል። ከ2 ሰዓት በኋላ ድብልቁ 58፣ ጤነኛው 34፣ ታካሚው 92 ቢሆን ግን ውጤቱ 26 ይደርሳል። ከ15 በላይ አጋጅን ይጠቁማል። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በራሱ ሬጀንት ልኩን ማረጋገጥ አለበት።

በመልክ ከሚመሳሰሉት መለየት

ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. የረዘመለት ሁሉ ሄሞፊሊያ የለበትም። ሄፓሪን የገባበት ናሙና ወዲያውኑ በሚሠራ ድብልቅም አይስተካከልም፤ የትሮምቢን ጊዜ በእጅጉ መርዘሙ ግን ያጋልጠዋል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ፒ.ቲ. የተባለው ሌላው የመርጋት ጊዜ ምርመራ ይረዝምበታል፣ በድብልቅ ግን ይስተካከላል። ከሁሉ አደገኛው ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ነው። በቱቦ ውስጥ መርጋትን ያዘገያል፣ በሰውነት ውስጥ ግን ደም ሥርን የሚዘጋ ርጋትንና ተደጋጋሚ ውርጃን ያስከትላል። የዚህን ታካሚ ውጤት እንደ መድማት ሕመም ማንበብ ሕክምናውን ይገለብጣል። ስለዚህ የታካሚው ታሪክና የሚወስደው መድኃኒት በናሙና መጠየቂያው ቅጽ ላይ መጻፍ የምርመራው አካል ነው።

አዲሱ መድኃኒት ኤሚሲዙማብም የራሱ ጥንቃቄ አለው። አጋጅ ላለባቸው ሕሙማን ትልቅ እፎይታ ቢሆንም ኤ.ፒ.ቲ.ቲ.ን በሐሰት ያሳጥራል። ይህን የሚወስድ ልጅ የሚመረመረው የከብት ፋክተሮችን በሚጠቀም ክሮሞጀኒክ ዘዴ ነው።

የቤተስዳ ልኬትና የናሙናው ጉዞ

መጠኑን የሚለካው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጥ ሆኖ በአሜሪካዋ የቤተስዳ ከተማ ስም ተጠራ። አንድ የቤተስዳ ዩኒት በ37 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ የፋክተር 8ን ግማሽ የሚያጠፋ የአጋጅ መጠን ነው። 25 በመቶ ፋክተር ከቀረ 2 ዩኒት ይሆናል። ፕላዝማው 10 ጊዜ ቀጥኖ ግማሹ ከቀረ ደግሞ 10 ዩኒት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የናይሜኸን ማሻሻያ የፒ.ኤች. ለውጥን በመግታት ዝቅተኛ አጋጆችን በእርግጠኝነት ለመለየት አስችሏል። ከ5 ዩኒት በታች ለሆነው ሐኪሙ የፋክተር መጠን ጨምሮ ሊሞክር ይችላል። 5ና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ፋክተር 8 ስለማይበቃ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነው።

የመጣጥፉ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በዘመናዊው አሠራር ከልኬቱ በፊት ፕላዝማው ለ30 ደቂቃ በ56 ዲግሪ ይሞቃል፤ ዓላማው በውስጡ የቀረውን ፋክተር 8 ማጥፋት ነው። ሙቀቱ ፋክተሩን ሲያጠፋ ፀረ እንግዳ አካሉ ይተርፋል። ስለዚህ ቶሎ የሚበላሸውን የሚለካው ሥራ ታካሚው ባለበት መሠራት አለበት። የሚጸናውን የሚለካው ግን በረዶ ሆኖ ሊጓዝ ይችላል።

ለሁለቱ ከተሞች የሚመጥን አደረጃጀት

ለመቀላቀል ፈተና የሚያስፈልገው ሴንትሪፊውጅ፣ 37 ዲግሪን የሚጠብቅ የውኃ ገንዳ፣ ሬጀንት፣ ሰዓት መያዣና የሠለጠነ እጅ ነው። ኮአጉሎሜትር ባይኖር እንኳ ቱቦን እያዘነበሉ ርጋቱን በዓይን የመለየት ዘዴ ይሠራል። ትልቁ ጥያቄ የጤነኛ ፕላዝማ ነው። ቢያንስ ከ20 ጤነኛ ሰዎች ተሰብስቦ በትንንሽ ቱቦ ይከፋፈላል፤ በ-70 ዲግሪ ለወራት፣ በ-20 ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ማቀዝቀዣው የራሱ ጄኔሬተር ሊኖረው ይገባል። በጉብርዬ የሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከደም ባንክ ጋር ተባብሮ ይህን ፕላዝማ ለሁለቱም ከተሞች ማዘጋጀት ቢጀምር በአነስተኛ ወጪ ትልቅ ክፍተት ይሞላል።

ፈተናው አጋጅን ከጠቆመ ፕላዝማው በ-70 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ በደረቅ በረዶ ተጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ለኤች.አይ.ቪ. እና ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በፖስታ አገልግሎት ናሙና የማጓጓዝ ልምድ በአገሪቱ አለና ይህኛው ከዜሮ አይጀምርም። ቡታጅራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም ቤተሰብን እየቆጠረ የተከታተለባት ስለሆነች የሕሙማንን መዝገብ ለመያዝ የሚያስችል ባህል አላት።

መደምደሚያ

የአጋጅ ምርመራ ለልጁ ሕይወት የሚያመጣው ለውጥ ተጨባጭ ነው። አጋጅ መኖሩ ቀደም ብሎ ከታወቀ ውድ ፋክተር በከንቱ አይባክንም፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት ተገቢው መድኃኒት ይዘጋጃል፤ መገጣጠሚያም ሳይሰናከል ይታከማል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ትክክለኛ የሲትሬት ናሙና አወሳሰድ በሁለቱም ከተሞች ይሰልጠን። ቀጥሎ የ2 ሰዓቱን ቆይታ ያካተተ የመቀላቀል ፈተና ይጀመር። ከዚያ የቀዘቀዘ ፕላዝማ መላኪያ መስመር ይዘርጋ። እናትና ልጅ ለአንድ ቱቦ ደም ሲሉ የአዲስ አበባን መንገድ ደጋግመው መመላለስ የለባቸውም፤ መጓዝ ያለበት ፕላዝማው ነው።