የቢራቢሮ እንግዶች በአራዳ

ዛሬ ከዐፄ ምኒልክ ሐውልት ሥር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ በዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጃፍ ተዘርግቶ በነበረው በጥንቱ የአራዳ ገበያ በቅሎና አጋሰስ ሊገዛ፣ አሞሌና አቡጀዲ ሊሸምት፣ ጫኝና አሽከር ሊቀጥር ይመጣ ከነበረው ፈረንጅ መካከል አንዳንዱ፣ ወርቅ ወይም የዝሆን ጥርስ ሳይሆን ቢራቢሮና የእሳት እራት ፍለጋ አገሩን ጥሎ ባሕር የተሻገረ እንደ ነበረ ቢነግሩት ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ብዙ ጠገራ ብር የፈሰሰበት፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ያለፈበት፣ በአውሮፓ ሊቃውንትና ባለጠጎች ዘንድ እንደ ትልቅ ቁም ነገር የሚቆጠር ልማድ ነበር። (የመጻሕፍቱ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆኑ፣ እኔም ካላመለከትሁ በቀር በዚያው ቍጥር እሄዳለሁ።)

በቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት፣ በክንፍ የሚበሩት ፍጡራን በዕለተ ሐሙስ ከውኃ መገኘታቸውን የተማረ የአገራችን ሊቅ፣ የፈጣሪን ጥበብ ለማድነቅ ፍጡሩን በስፒል መውጋት አላስፈለገውም። ፈረንጁ ግን ያደነቀውን ነገር ሰብስቦ፣ ደርድሮ፣ ስም አውጥቶ በመሳቢያ ካላኖረው ልቡ አያርፍም፤ ይህንንም ስል ለነቀፋ አይደለም፣ ያ ዕረፍት ማጣት ብዙ ዕውቀት ወልዷልና። አሠራሩ ለተመልካች ቀላል ነው። በቀን በስስ ጨርቅ መረብ የተያዘችው ቢራቢሮ ደረቷ በሁለት ጣት ተጨምቆ ስትሞት፣ ክንፎቿ ገጥመው ሦስት ማዕዘን ሆኖ በታጠፈ ወረቀት ትገባለች፤ በወረቀቱም ላይ ቦታውና ዕለቱ ይጻፋል። በሌሊት ደግሞ በነጭ ጨርቅ ፊት ፋኖስ ይበራና የእሳት እራቱ ራሱ ወደ ሞቱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከጉንዳን፣ ከሻጋታና ወንዝ ሲሻገር ከሚሰናከል የጭነት በቅሎ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። አውሮፓ የደረሰው ወረቀት ሲፈታ የደረቀው ገላ በርጥበት ይለሰልሳል፣ ክንፉ በሰሌዳ ላይ ይዘረጋል፣ ስፒሉም ያን ጊዜ ይተከላል።

ወደ ኢትዮጵያ ለዚህ ነገር የመጡት ሰዎች ዜና አራዳ ከመቆርቆሩ በፊት ይጀምራል። ከ1839 እስከ 1843 ድረስ በሰሜን ኢትዮጵያ የዞረው የፈረንሳዩ የሌፌብር ጓድ ሁለት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ነበሩት፤ አንደኛው ካርቲን ዲዮን በቆላ ንዳድ ሞተ፣ ሁለተኛው ፔቲ ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ነፍሳት ግን ፓሪስ ገብተው ጌሬን ሜንቪል የተባለ ሊቅ መረመራቸው፤ በ1849 ስም ካወጣላቸው አንዷ፣ የአውሮፓን የጎመን ቢራቢሮ የምትመስለው የደጋችን ነጭ ቢራቢሮ ናት። በአፍሪካ መካከል የአውሮፓን ቢራቢሮ ዘመድ ማግኘት ያን ጊዜ ሊቃውንቱን ምን ያህል እንዳስገረመ አንባቢ ሊገምት ይችላል፤ የኢትዮጵያ ደጋ በበረሃና በቆላ ባሕር የተከበበ ደሴት መሆኑን ከካርታ ይልቅ እንዲህ ያሉት ጥቃቅን ፍጡራን ናቸው ያስረዱት።

ሸዋ ግን በዚህ ልማድ መጽሐፍ ውስጥ ስሟ የሚጎላው በኦራዚዮ አንቲኖሪ ምክንያት ነው። ይህ ሽማግሌ ማርኪዝ በ1876 በኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ተልኮ መጣና፣ የሸዋ ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት፤ በዚያም እስኪሞት እስከ 1882 ድረስ ወፉንም፣ አውሬውንም፣ ነፍሳቱንም ሲሰበስብ ኖሮ ተቀበረ። ስለ ልጥ ማረፊያ ሲነገር ግን የዋህ መሆን አያሻም፤ የሳይንስ ድንኳንና የፖለቲካ ድንኳን በአንድ ካስማ የታሰሩበት ዘመን ነበርና፣ በዚያው ዘመን በሸዋ የተመላለሰው ኮንት አንቶኔሊ ኋላ የውጫሌን ውል ያዋዋለው ሰው ነው። የሆነ ሆኖ የአንቲኖሪ ሣጥኖች ማርኪዝ ዶሪያ በጄኖዋ ወዳቋቋመው ቤተ መዘክር ሄዱ፣ ከዚያም ቢራቢሮዎቹን ለመመርመር ሻርል ኦበርቱር ተመረጠ። ኦበርቱር በሬን ከተማ የማተሚያ ቤት ባለቤት ነበር፤ በቤቱ የሚታተመው የፖስታ ቤት ቀን መቍጠሪያ በየፈረንሳዊው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ከዚያ የሚገኘውን ሀብት ግን እርሱ ለቢራቢሮ አዋለው። ሸዋን በዓይኑ ሳያይ፣ በ1883 ከሸዋ ቢራቢሮዎች አንዷን በሟቹ ማርኪዝ ስም «አንቲኖሪ» ብሎ ሰየማት።

ይህች ቢራቢሮ ባለጅራት ክንፍ ካላቸው ከትልልቆቹ ወገን ናት፤ ታሪኳም ከስሟ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የእርሷ ዘመዶች በቀረው አፍሪካ በብዛት ይገኛሉ፤ ወንዱ በየትም ቦታ ፈዛዛ ቢጫና ባለጅራት ሲሆን፣ እንስቲቱ ግን ጅራቷን ጥላ፣ ቀለሟን ለውጣ፣ ወፍ የማይደፍራቸውን ሥጋቸው መራራ የሆነ ሌሎች ቢራቢሮዎችን መስላ ትኖራለች፤ ያውም አንዱን ዐይነት ብቻ ሳይሆን በየአገሩ ልዩ ልዩውን። ከዚህ የተነሣ ሊቃውንት እንስቶቹን እንደ ተለያየ ዘር ቈጥረው ልዩ ልዩ ስም ሲሰጧቸው ኖሩ፤ ሮላንድ ትራይመን የተባለው የኬፕ ሰው በ1869 ሁሉም የአንድ ባል ሚስቶች መሆናቸውን ሲገልጥ ብዙዎች ሳቁበት። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ እንስቶች ጭምብል አላጠለቁም፤ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለጅራት ሆነው ይበራሉ፤ ከመካከላቸው የሌላውን መልክ የለበሱት ጥቂቶቹም ቢሆኑ ጅራታቸውን አልጣሉም። ከመረቡ ወደ መሳቢያው ከሄዱት የሸዋ ፍጡራን ሁሉ ለሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ይህን ያህል ነገር የመሰከረ ያለ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ መንገዱ ሁሉ በአራዳ ሆነ። በ1900 ከሐረር ወደ ከተማዪቱ የመጡት ጀርመኖች፣ ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን፣ እዚህ ተለያይተው አንዱ ወደ ደቡብ፣ ኖይማን ወደ ከፋና ወደ ምዕራብ ቈላ ወረዱ። ኖይማን ከቢራቢሮ ይልቅ ወፍ ወዳድ ነበር፤ ቢራቢሮዎቹ የደረሱት ግን ከቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ሁሉ ባለጠጋ ወደ ሆነው ወደ ዋልተር ሮትሽልድ ነበር፤ ይህም የባንክ ቤተ ሰብ ልጅ የብር ቍጠራውን ትቶ በትሪንግ የራሱን ቤተ መዘክር የሠራ፣ ሠረገላውን በሜዳ አህያ ያስጎተተ ሰው ነው። እርሱና ረዳቱ ካርል ዮርዳን በ1905 የኖይማንን ስብስብ ሲገልጡ፣ በጥቁር መደብ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ መቀነት የታጠቀችውን አንዷን «ኤቲዮፕስ» አሏት። በዚያው ጊዜ የፈረንሳዩ ዘመዱ ባሮን ሞሪስ ደ ሮትሽልድ በ1904 እና በ1905 አገራችንን በራሱ ገንዘብ ዞረ።

በራሱ ገንዘብ ስንል ግን ቆም ማለት ያሻናል። ከአራዳ የሚነሣ መንገደኛ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈልገው «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበር። ያን የያዘ በደረሰበት አገር ሁሉ ድርጎ ይቀርብለታል፤ እንጀራው፣ ጠላው፣ ማሩ፣ በጉ፣ ለበቅሎዎቹም ገብሱና ሣሩ ከባላገሩ ጎተራና ጓዳ ይወጣል። እንግዳ መቀበል የአገራችን ክብር መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን እንግዳውን የተቀበለው ንጉሡ፣ ያበላው ገበሬው ነው። በለንደን፣ በፓሪስና በጄኖዋ መሳቢያዎች ያለው የኢትዮጵያ ቢራቢሮ ከፊሉ በባላገር እንጀራ የተሰበሰበ ነው ብል ግነት አይደለም። በየስፒሉ ሥር በተሰካችው ጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ የቦታው፣ የዕለቱና የሰብሳቢው ስም ይነበባል፤ ቅፍለቱን የመራው፣ ድንኳኑን የተከለውና ሣጥኑን ከወንዝ ያወጣው ሰው ስም የሚጻፍበት ሥፍራ ግን ከቶ አልተበጀባትም። ማርኪዙ ቢራቢሮ ተሰይሞለታል፤ ጫኙ የተሰየመለት እስካሁን አላነበብሁም።

በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ጉዞው ቀለለ፤ አራዳም በእቴጌ ሆቴልና በግሪክ፣ በአርመንና በሕንድ ሱቆች ተመልታ ለእንግዳው ብዙውን አሰናድታ ጠበቀችው። በ1926 ኦመር ኩፐርና ሂዩ ስኮት የተባሉ እንግሊዞች መጥተው በዝቋላ፣ በጭላሎና ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ ባለው በጀምጀም ደን ነፍሳትን ሰበሰቡ፤ ስኮት አገሩን እጅግ ስለ ወደደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ጉጌ ተራራ፣ በ67 ዓመቱም ወደ ስሜን ተመልሷል። በዚያው ዘመን ግድም ኡንገማክ የተባለ ፈረንሳዊ ወደ ምዕራብ ወለጋ ወረደ። በዚያ የምትገኘው ዩብዶ ያን ጊዜ ስሟ የተሰማው በፕላቲን ነው፤ ሌላው ሰው አፈር ሲቈፍር እርሱ በደኑ ዳር ቢራቢሮ ያባርር ነበር። ያገኘውንም በ1932 በሞሮኮ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር አሳተመ። በ1935 ደግሞ የኦክስፎርዱ መምህር ሄል ካርፔንተር እስከዚያ ድረስ የተሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ሰፊ ጽሑፍ አጠቃለለ፤ ዓመቱ ግን የቢራቢሮ ዓመት አልነበረም፣ በዚያው ዓመት ፋሽስቶች የመረብን ወንዝ ተሻግረው ገቡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ1923 ዓ.ም. በጥቅምት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ዋዜማ ተመርቆ በአደባባዩ የቆመውን የምኒልክን ሐውልት፣ ወራሪው ከተማዪቱን እንደ ያዘ በ1936 አንሥቶ ሰወረው፤ የአድዋን ስም ከዐይን ለማራቅ ታስቦ ነው። በ1940 ሐውልቱ ገና ከመንበሩ እንደ ተለየ፣ ቤርጀ የተባለ የቤልጂግ የቢራቢሮ ሊቅ፣ በደጋችን መስክ ላይ የምትበረውን፣ ክንፏ ብርቱካንማ፣ ጠርዟ ጥቁር የሆነችውንና ትሏ ማገጥ እየበላ የሚያድገውን ቢራቢሮ በጽሑፉ ሲገልጥ «ሜኔሊኪ» ብሎ ሰየማት። ቤርጀ ስለ ሐውልቱ አስቦ ያደረገው ነው ለማለት አልደፍርም፤ የሊቃውንት ስም አወጣጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ የቀለለ ምክንያት አለውና። ሆኖም በአራዳ የንጉሡን ስም በድንጋይ ላይ ማንበብ በተከለከለበት ጊዜ፣ ስሙ በሳይንስ መዝገብ በቢራቢሮ ክንፍ ላይ ተጽፎ ነበር፤ በሳይንስ ሕግም አንዴ በሥርዐት የወጣን ስም ቅኝ ገዥ ቀርቶ፣ ያወጣው ሰው ራሱ እንኳ እንደ ወደደ አይሽረውም። ሐውልቱም ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ።

በኋለኛው ዘመን ከመጡት መካከል የፓሪሱ ቤተ መዘክር ሰው ሩዦ ይጠቀሳል፤ የታላላቆቹ የእሳት እራቶች ሊቅ ነበር። ከ1973 እስከ 1975 የመራቸው ተልእኮዎች የዐፄው መንግሥት ሲያበቃና ደርግ ሲተካ መካከል ላይ ወደቁ፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ሲገለበጥ ፋኖስና ነጭ ጨርቅ ይዞ በጫካ የሚያመሽ ሰው መኖሩ ለእኔ ልብ የሚነካ ነገር ነው። በ1979 ከጓደኛው ከፕላንትሩ ጋር ስም ካወጣላቸው አንዷ «ገላዋዲዎሲ» ትባላለች፤ ገላውዴዎስ የሚለውን ስማችንን በላቲን ፊደል አንጋዶ የያዘ ስም ነው።

ዛሬ የማኅተሙ ደብዳቤ በሌላ መልክ ተመልሷል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን ሕያዋን ሀብት ያለ ፈቃድ ማውጣትን ስለ ከለከለ፣ መረብ ይዞ የሚመጣ እንግዳ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ደጅ መጥናት ግዴታው ነው፤ ድርጎውም ቀርቷል። የቀደመው ስብስብ ግን በሄደበት አለ። ከምኒልክ አደባባይ ጥቂት ወረድ ብሎ በአራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ የሚማር ወጣት፣ ከጀምጀም የያዛት ቢራቢሮ «ኤቲዮፕስ» ትሁን ሌላ ከጥንታዊው ናሙና ጋር አመሳክሮ መወሰን ቢፈልግ፣ የኖይማን ሣጥን በለንደን፣ የሩዦ በፓሪስ ነውና፣ ፓስፖርትና ቪዛ አውጥቶ፣ ገንዘብ ለምኖ፣ ቢራቢሮ ፍለጋ ባሕር የሚሻገረው እርሱ ነው።