ሞተሩ ቀደመ፣ ደንቡ ዘገየ

ጮሌ ላይ ስለ ባሕር ዓሣ ማንሳት ለአንዳንዱ አንባቢ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። የአርሲ ደጋ የገብስና የስንዴ፣ የባቄላና የከብት አገር ነው፤ የዓሣ ነገር ከተነሳም ሰው የሚያስበው የካታር ወንዝ ከነጭላሎ ተራሮች ወርዶ የሚገባበትን የዝዋይን ሐይቅ ነው። ይሁን እንጂ ለአዲስ ሙያ የተመለመለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምን መማር አለበት የሚለው ጥያቄ ለአርሲ ባዳ አይደለም። ባለፉት ስድሳ ዓመታት አዲስ መሣሪያና አዲስ ሥልጠና ተያይዘው የገቡባቸው ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች በአገራችን ታይተዋል፤ አንዱ አሰላ ላይ፣ ሌላው ባሕር ዳር ላይ። ሁለቱም ምርት እንዴት እንደሚጨምር በሚገባ አስተማሩ። የት ላይ መቆም እንደሚገባ ግን ሁለቱም ለነገ አቆዩት። ለነገ የተባለው ደንብ ደግሞ የሚደርሰው ሰዉ ኑሮውን በአዲሱ መሣሪያ ላይ ከመሠረተ በኋላ ነውና፣ እንደ ጠላት ይታያል እንጂ የሙያው አካል ሆኖ አይቆጠርም። የገደብ ትምህርት ከመጀመሪያው ቀን ካልተጀመረ ሥልጠናው ግማሽ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ገደብ የሙያው አካል እንዴት እንደሚሆን ለማየት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉትን የማልዲቭ ደሴቶች መመልከት ይጠቅማል። የማልዲቭ ሰዎች ቱና የተባለውን የባሕር ዓሣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያጠምዱ የኖሩት በዘንግና በክር፣ አንድ በአንድ እያወጡ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከቱናው ሳይሆን ከማጥመጃው ምግብ ነው። ጥቃቅን ዓሦች አስቀድመው ይያዙና በጀልባው ሆድ ውስጥ ባለ የባሕር ውኃ ውስጥ በሕይወት ይጠበቃሉ። የቱና መንጋ ሲገኝ ከነዚህ ጥቃቅን ዓሦች እየተጨለፈ ወደ ባሕሩ ይበተናል፤ ከጀልባው ጀርባም ውኃ እንደ ካፊያ ይረጫል፣ የውኃው ፊት በትንንሽ ዓሣ የሚናጥ እንዲመስል። አጥማጆቹ ከኋላ በኩል ተሰልፈው ዘንጋቸውን ይወረውራሉ። መንጠቆው የኛ አገር መንጠቆ ያለው ዓይነት ወደ ኋላ የዞረ ሹል ጥርስ የለውም። ዓሣው ሲነክስ አጥማጁ በአንድ ምት ከራሱ በላይ አሳልፎ ወደ ጀልባው ይወረውረዋል፤ ክሩ ሲላላ መንጠቆው በራሱ ይወልቅና ተመልሶ ውኃ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሥራ የሚገባ ጀማሪ ጉልበት ብቻውን አያዋጣውም። ክሩን ሳያላላ መሳብን፣ የሚበረው መንጠቆ የጎረቤቱን ዓይን እንዳያገኝ መጠንቀቅን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቃቅኖቹ ዓሦች እንዳይሞቱ መንከባከብን ይማራል። እነሱ ካለቁ የዕለቱ ሥራ አበቃ። ገደቡ በወረቀት የተጻፈ ሕግ ሳይሆን የሥራው የራሱ ባሕርይ ነው፤ ከዘንጉ ቁጥር፣ ከክንዱ ብዛትና ከጥቃቅኑ ዓሣ መጠን በላይ ማጥመድ አይቻልም።

ሞተር ማልዲቭም ገብቷል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሸራ ይሄዱ የነበሩት ጀልባዎች ሞተር ይገጠምላቸው ጀመር፤ አጥማጁም ከበፊቱ ርቆ መሄድ ቻለ። መንጋው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ግን ዓሣው የሚወጣው ያው አንድ በአንድ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሞተር ላይ የሚደፈድፍ ክርክር አያስኬድም። ይህ አጠማመድ እንከን የለውም ማለቴም አይደለም፤ ለማጥመጃ የሚያዙት ጥቃቅን ዓሦች ራሳቸው ጥበቃ ይፈልጋሉ። ቢሆንም የማልዲቭ የዘንግ ቱና እ.ኤ.አ. በ2012 ሀብቱን ሳያሟጥጥ የሚሠራ ነው ተብሎ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝቷል፤ በአውሮፓ ገበያም ይህ ስም ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ። የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን በጣም በገባበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ውኃ ነው። በዳርቻው የወይጦ ማኅበረሰብ ለብዙ ትውልድ በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያሰግር ኖሯል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ መድረቅ አለበት፣ ማዕበል ሲነሳም መሀል ሐይቅ ላይ አያስተማምንም፤ ስለዚህ አጥማጁ ከዳር ብዙ አይርቅም፣ በአብዛኛውም የሚያገኘው ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ይህ ተለወጠ። የመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍልና ከሆላንድ ኡርክ ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት በመተባበር ባሕር ዳር ላይ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ጀመሩ። ሰዎች ሠለጠኑ፣ ተደራጁ፣ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ተሰጣቸው። የኡርክ ሰዎች ለዚህ ሥራ የተመቹ ነበሩ። ከተማቸው ድሮ ደሴት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሕራቸው በግድብ ተዘግቶ ሐይቅ ሲሆን፣ በ1939 ደግሞ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ስትገናኝ፣ አጥማጆቹ ሙያቸውን ሳይተዉ ወደ ሰሜን ባሕር የዞሩ ናቸው። ውኃ ሲለወጥ ዓሣ አጥማጅ ምን እንደሚደርስበት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር?

በቁጥር ሲታይ ፕሮግራሙ ተሳክቶለታል። በጣና ዓሣ ላይ የዶክትሬት ጥናት የሠሩት ተስፋዬ ውድነህ እንዳሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1987 39 ቶን የነበረው ዓመታዊ ምርት በ1997 360 ቶን ደርሷል። በዚሁ ዘመን ግን ከሆላንዱ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ሌላ ነገር እየመዘገቡ ነበር። በአካባቢው ነጭ ዓሣ ተብሎ በጅምላ የሚጠራው በእርግጥ አንድ ዓሣ ሳይሆን ወደ 15 የሚጠጉ፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች ናቸው። ከነዚህ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡ የተዘረጋው እዚያ ነው። ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ያስገባል፣ ሰውነቱ አያልፍም፣ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ ላይ ይይዘዋል። የመረቡን ዓይን ማስፋት ትንንሾቹን ያሳልፋል እንጂ እዚያ አፍ ላይ የተሰበሰቡትን አያድንም፤ እነሱ ትልልቆችና እንቁላል የተሸከሙ ናቸውና። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ቁጥር በ75 በመቶ፣ የታዳጊዎቹ ደግሞ በ90 በመቶ ማሽቆልቆሉን አሳዩ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የሚተካ ትውልድ አልተወለደም ማለት ነው። ቆሮሶ በአንጻሩ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታሳድግ፣ ቶሎ ቶሎም የምትራባ ስለሆነች ጫናውን ከነጭ ዓሣ በተሻለ ትችለዋለች።

ዓሣን ለመጠበቅ የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315 የታወጀው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የዓሣ ልማቱ ፕሮግራም ጣና ላይ ከተጀመረ 17 ዓመት ገደማ በኋላ። በ17 ዓመት ውስጥ አንድ ጀማሪ ባለሙያ ሆኗል፣ ልጆች ወልዷል፣ ምናልባት ልጁንም ወደ ጀልባው አስገብቷል። የወንዙ አፍ ዓሣ በአጭር ጊዜ ብዙ የሚገኝበት ቦታ መሆኑን ያወቀው በሥልጠናና በልምድ ነው። ለዚህ ሰው አሁን ሕገ ወጥ ነህ ማለት ያስተማሩትን መልሶ መንጠቅ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ በእሱ ላይ ለመፍረድ ይከብደኛል።

የአርሲ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲሰማ ካዱን ሳያስታውስ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ቁሉምሳ ላይ ዘር ሞከረ፣ ማዳበሪያ በብድር አከፋፈለ፣ ገበሬው ከጎረቤቱ እንዲማር አርአያ ገበሬዎችን አስመረጠ። ምርቱ ጨመረ። መሬቱ ግን በአብዛኛው የባለርስት ነበርና፣ የስንዴ እርሻ ትርፋማ መሆኑ ሲታይ ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አፈናቀለ። የጭሰኞችን መብት የሚወስን ሕግ እንደሚወጣ ለስዊድኖቹ ተስፋ ተሰጥቶ ነበር፤ ከፓርላማ ግን ሳይወጣ ቀረ። ካዱ ራሱ ብድሩን ለአነስተኛ ገበሬ ለመወሰን መሞከሩ ሊመሰገን ይገባል፤ ትራክተሩን ግን ከድርጅቱ ውጭ በራሱ ገንዘብ የሚገዛውን ሰው ማስቆም አልቻለም። ነገሩን የቆረጠው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተፈናቀለው ተፈናቅሏል። ኋላ ሥራው አርዱ ተብሎ ወደ መላው ክፍለ ሀገር ሲሰፋ ነው የጮሌ በኩል ከነዚህ አገልግሎቶች የደረሰው፤ መዘግየቱ ጉዳት ብቻ ነበር ለማለት እቸገራለሁ።

በዚህ ክርክር ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የጣና ዓሣ የቀነሰው በመረብ ብቻ ነው ወይ? ደለል አለ፣ ከወንዞቹ አሸዋ ይወጣል፣ ለመስኖ ውኃ ይጠለፋል፣ እምቦጭ የተባለው አረምም ሐይቁን ወርሯል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ነው፤ ከላይ ያነሳሁት ማሽቆልቆል ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ተመዝግቧል። አጥኚዎቹም ተፈጥሯዊ መዋዠቅ ይሆን ብለው ራሳቸው ጠይቀው፣ ዋናው ምክንያት በመራቢያ ጊዜ የሚደረገው ማጥመድ ወደሚለው ነው ያደሉት። ሌላው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፦ የድሮው አጥማጅ ተፈጥሮን ያከብር ነበር፣ ያበላሸን ፈረንጅ ነው የሚል። ይህንንም አልቀበልም። በገባር ወንዞቹ ዳር የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣን አደንዝዞ መልቀም የቆየ የአገር ዘዴ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። የጥንቱ አጥማጅ ሐይቁን ያላሟጠጠው በአብዛኛው ክንዱና ታንኳው ስላልደረሱ ነው። ይህም ሐሳቤን ያጠናክረዋል፤ መሣሪያው ራሱ ገደብ ሆኖ ሲያገለግል ከኖረ፣ መሣሪያውን የሚለውጥ ሁሉ በዚያው ቀን በቦታው ሌላ ገደብ መተካት አለበት። ከሆላንድ የመጣው እጅ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱን የለኩ ተመራማሪዎችንም እንዳመጣ መዘንጋት የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፦ ሰው ይራባል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መረብህን ሰብስብ ሲባል ምን ይብላ? በዚያ ላይ ጾም አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾም የነጭ ዓሣ መራቢያ ወራት መሀል ላይ ይውላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንደቀጠለ ቢሆንም፣ ሥጋና ወተት የተወ ብዙ የከተማ ሰው ዓሣ ይፈልጋል፤ ገዢ የሚበዛውም ዓሣው መተው ባለበት ሰዓት ይሆናል። የማልዲቭ አጥማጅ በጥንቃቄ ለማጥመዱ ከውጭ ገዢ የሚያገኘው ስም አለ፤ የባሕር ዳሩ ግን መረቡን ቢሰበስብ የሚከፍለው የለም። ስለዚህ ክልከላው ብቻውን አጥማጁን ሌሊት እንዲወጣ ከማድረግ አያልፍም።

መፍትሔው ከካዱ መዝገብ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። ካዱ ለዘርና ለማዳበሪያ ያበደረው የሚመለሰው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነበር፤ ገበሬውን በሐምሌ ዕዳህን ክፈል የሚል ሰው አይኖርም፣ ማሳው ላይ ያለው ገና ቡቃያ ነውና። ዛሬ በዝዋይም ሆነ በጣና ወጣቶች ተደራጅተው ለጀልባና ለመረብ ሲበደሩ ብድሩን በየወሩ እንዲከፍሉ ከተደረገ፣ ክረምቱን ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚያስጥላቸው ያ የመክፈያ ቀን ነው። የጀልባ ብድር ከኅዳር እስከ ሰኔ ብቻ እንዲከፈል ማድረግ ለአበዳሪው ከባድ አይደለም። ሥልጠናውም ብድር በማይከፈልባቸው የመራቢያ ወራት ቢጀመር ጥሩ ነው፤ ጀማሪው ጀልባው ላይ ከመውጣቱ በፊት ጉማራ ዳር ቆሞ፣ ወይም ካታር ዝዋይን በሚቀላቀልበት፣ ክረምት ላይ ማን እንደሚያልፍ ይይ። መረብ አጣጣሉን በኅዳር ይማረዋል።